ቄቧን ከአውራው ለይቶ ማወቅ፤ ለጓሮ ዶሮ አርቢ ቤተሰቦች የቀረበ ትምህርት

በሀገራችን ብዙ ቤተሰብ በጓሮው አምስት ወይም ዐሥር ዶሮ ያረባል። ከእነዚህ ዶሮዎች የሚገኘው ገንዘብ በአብዛኛው በእናቶች እጅ የሚገባና የሚወጣ ነው። የጨውና የሳሙና፣ የልጆች ደብተርና የድንገተኛ ሕክምና ወጪ ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው ከእንቁላልና ከዶሮ ሽያጭ ነው። ስለዚህም በተራድኦ ሥራችን ለችግረኛ ቤተሰቦች፣ በተለይም ልጆቻቸውን ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶች፣ ከሚሰጡት ድጋፎች አንዱ የዶሮ ጫጩት ነው።

ጫጩቶቹ ከተከፋፈሉ በኋላ ወደ መንደር ስንወርድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው። «ከእነዚህ ውስጥ ቄቦቹ የትኞቹ ናቸው? አውራዎቹስ?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ግን ቶሎ ለማግኘት ሲባል ብዙ ቤተሰብ ይጎዳል። በዚህ እትም የልዩነቱን ምልክቶች በዕድሜ ቅደም ተከተል እናቀርባለን፤ ምልክቱ ሳይጠራ ሲቀር ምን መደረግ እንዳለበትም እንመለከታለን።

፩. ጉዳዩ ስለምን ያሳስበናል?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊፈጸም ይችላል። የመጀመሪያው አውራውን ቄብ ነው ብሎ ማቆየት ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው መኖ ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ አውራው ራሱን ይገልጣል፤ ያኔም ቢሸጥ ዋጋ ያወጣል። ሁለተኛው ቄቧን አውራ ነው ብሎ መሸጥ ወይም ማረድ ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው የዓመት እንቁላል ነው፤ የሚመለስበትም መንገድ የለም። በተለመደው የጓሮ አያያዝ አንዲት የሀገረሰብ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። የተሻሻሉት ዝርያዎች ደግሞ መኖና እንክብካቤ ካገኙ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ይሰጣሉ። ቄቧ ታቅፋ ጫጩት የምታሳድግ ከሆነችም የሚጠፋው እንቁላል ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለው ትውልድ ጭምር ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይመዝኑም። የዚህ ትምህርት ዋና ቃልም ከዚሁ ይነሣል፦ በርግጠኝነት የተለየው አውራ ይሸጥ፤ የተጠራጠርንበት ግን ይቆይ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንዲት እናት ዐሥር ጫጩት ተረክባ ዐሥሩም ለሦስት ወር በቁ እንበል። ስትመረምራቸው አራቱ በግልጽ አውራ፣ አራቱ በግልጽ ቄብ ሆኑ፤ ሁለቱ ግን አልለዩም። ሁለቱን ለተጨማሪ ሦስት ሳምንት ብታቆያቸውና እያንዳንዳቸው በቀን 70 ግራም መኖ ቢበሉ፣ ጠቅላላ ወጪው ሦስት ኪሎ ግራም ያህል መኖ ነው። ጭረው የሚለቅሙ ከሆነ ከዚህም ያንሳል። ከሁለቱ አንዷ እንኳ ቄብ ሆና ብትገኝ ሦስቱ ኪሎ መኖ የተከፈለው ለዓመት እንቁላል ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በዚህ ሥራ የሚያከስረው ከመዘግየት ይልቅ መቸኮል ነው።

፪. የጫጩትን ጾታ የሚወስነው ማን ነው?

በሰውና በከብት ዘንድ የፅንሱን ጾታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው። በአእዋፍ ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አውራው ለሁሉም ጫጩት የሚያቀብለው አንድ ዓይነት የጾታ ቅንጣት ሲሆን፣ ሁለት ዓይነት የምታቀብለው እናት ዶሮ ናት። ስለዚህ እንቁላሉ ገና ከመጣሉ በፊት ጾታው ከእናቲቱ ወገን ተወስኗል። «ይህ አውራ ወንድ ብቻ ያስፈለፍላል» ብሎ አውራውን መቀየር የጫጩቶቹን ጾታ አይለውጥም።

ደግሞም ወንድና ሴት የሚፈለፈሉት በግማሽ በግማሽ ያህል ቢሆንም ይህ በብዙ ጫጩት ሲሰላ እንጂ በአንድ ዕቁፍ ሁልጊዜ አይታይም። ዐሥር ጫጩት በሚገኝበት ዕቁፍ ሰባትና ከዚያ በላይ ወንድ የመሆን ዕድሉ ከስድስት አንድ ገደማ ነው። ሰባትና ከዚያ በላይ ሴት የመሆን ዕድሉም ያንኑ ያህል ነው። ስለሆነም በአንዲት ቤት ሰባት አውራ፣ በጎረቤቷ ቤት ሰባት ቄብ ቢወጣ የማንም እጅ መጥፎ ስለሆነ ወይም አድልዎ ስለተደረገ አይደለም። በአንድ ቀን ጫጩት የተቀበሉ ጎረቤቶች ይህን አስቀድመው ቢረዱት ብዙ ቅሬታ ይቀራል።

፫. ከመጀመሪያው ቀን በቀለም የሚለዩ ዝርያዎች

አብዛኞቹ ጫጩቶች በተፈለፈሉ ቀን ሲታዩ ወንዱም ሴቷም አንድ ናቸው። ነገር ግን በሀገራችን ከተሠራጩት ዝርያዎች ጥቂቶቹ ከመጀመሪያው ቀን በቀለም ይለያሉ።

ከእነዚህ አንዱ ኮኮክ ነው። ይህ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዶሮ በደቡብ አፍሪቃ፣ በፖቸፍስትሩም የግብርና ኮሌጅ የተገኘ ዝርያ ነው። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ጊዜ ጥቋቁር ናቸው። ወንዱ በአናቱ ላይ ጎላ ያለ ነጭ ነጥብ አለው፤ ሴቷ ግን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ትሆናለች ወይም ነጥቧ እጅግ ያነሰ ይሆናል። ካደጉም በኋላ ልዩነቱ ይቀጥላል። የወንዱ ዝንጉርጉር ነጣ ያለ ግራጫ ሲሆን የሴቷ ጠቆር ይላል። ምክንያቱም ዝንጉርጉሩን የሚያመጣው ዘር በጾታው ቅንጣት ላይ ስለሚጓዝ፣ ወንዱ ከአባትም ከእናትም ሁለት ድርሻ ሲወርስ ሴቷ የምትወርሰው ከአባቷ አንድ ድርሻ ብቻ ነው።

ይህን ማወቅ ለአርቢው ሌላ ጥቅም አለው። የኮኮክ እናት ዶሮ ዝንጉርጉር ካልሆነና ነጭ ካልሆነ አውራ፣ ለምሳሌ ከጥቁር ወይም ከቀይ የሀገረሰብ አውራ ጋር ብትዳቀል፣ ዝንጉርጉር የሚሆኑት ወንዶቹ ብቻ ናቸው። ሴቶቹ ዝንጉርጉር አይኖራቸውም። የጫጩቶቹ ጸጉር ጥቁር ከሆነ የወንዶቹ የአናት ነጥብ በመጀመሪያው ቀን ይታያል፤ ጥቁር ካልሆነ ደግሞ ላባ ሲያወጡ ልዩነቱ ይገለጣል። በተቃራኒው አውራው ኮኮክ፣ እናቲቱ የሀገረሰብ ከሆኑ ወንዱም ሴቷም ዝንጉርጉር ስለሚሆኑ ይህ ምልክት አይሠራም።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእንቁላል የሚረባው ቦቫንስ ብራውን ነው። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ቀን ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጣ ያለ ቢጫ ናቸው። ስለዚህም ለአርቢ የሚቀርቡት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶቹ ተለይተው ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ዶሮዎች የተዳቀሉ በመሆናቸው እርስ በርሳቸው ቢራቡ የሚወለዱት ጫጩቶች በዚህ ምልክት አይለዩም።

ከእነዚህ ውጭ በሆኑት፣ ማለትም በሳሶ፣ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በመረጣ በተሻሻለው ሆሮ፣ እንዲሁም በሀገረሰቦቹ ዶሮዎች ዘንድ የጫጩቱ ቀለም ጾታን አይናገርም። ገብስማ፣ ተተርማ፣ ወሰራ፣ ዥግርማ ብለን የምንጠራቸው የሀገራችን ዶሮዎች መልካቸው እጅግ የተለያየ ስለሆነ በእነርሱ ዘንድ መታገሥ ግድ ነው።

፬. ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት፦ የመጀመሪያው ጥርጣሬ

ብዙ ጊዜ ጫጩቶች ለቤተሰብ የሚሰጡት በ45 ቀን ዕድሜያቸው ስለሆነ ይህ ወቅት ትኩረት ይሻል። በዚህ ዕድሜ የሚታዩት ምልክቶች የጥርጣሬ መነሻ ናቸው፤ ለውሳኔ ግን አይበቁም።

የመጀመሪያው ምልክት በአናት ላይ የሚበቅለው ሥጋና ከመንቁር በታች የሚንጠለጠለው ሥጋ ነው። በወንዱ ዘንድ እነዚህ ቀድመው ያድጋሉ፤ ቀድመውም ይቀላሉ። በዚያው ዕድሜ የሴቷ አነስተኛና ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሐመር ሮዝ የሚያደላ ነው።

ሁለተኛው የላባ አወጣጥ ነው። ሴቷ ብዙውን ጊዜ ጀርባዋና ጅራቷ ፈጥኖ በላባ ይሸፈናል። ወንዱ ግን በጀርባውና በትከሻው ላይ ለጥቂት ጊዜ የተራቆተ ይመስላል፤ ጅራቱም አጭርና ጎባጣ ሆኖ ይቆያል።

ሦስተኛው እግር ነው። የወንዱ ቅልጥም ወፈር፣ ረዘም ይላል፤ ጣቶቹም ይጠነክራሉ። አራተኛው አኳኋን ነው። ወንዱ ቀጥ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፤ ከእኩያው ጋር ፊት ለፊት ይፋጠጣል። ሴቷ ዝቅ ብላ ትሄዳለች። ሆኖም ከሴቶች መካከልም ቁጡና ደፋር የሆነች አትጠፋም፤ ስለዚህ አኳኋን ከአራቱ ምልክቶች ሁሉ የደከመው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። የመጀመሪያው፣ ምልክቶቹ የሚነጻጸሩት በአንድ ዝርያና በአንድ ዕድሜ ባሉት መካከል ብቻ ነው። የሳሶን ቄብ ከሀገረሰብ አውራ ጎን አቁሞ እግሯ ወፍራም ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ሁለተኛው፣ ከሀገራችን ዶሮዎች ብዙዎቹ የአናታቸው ሥጋ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰልፎ የቆመ ሳይሆን ዝቅ ብሎ እንደ አተር ፍሬ የተደረደረ ነው። እንዲህ ባለው ዝርያ የአውራውም ሥጋ ትንሽ ስለሆነ፣ በትልቅነቱ ብቻ የሚፈርድ ሰው አውራውን ቄብ ይለዋል። ጉትዬ የሆኑት ደግሞ የአናታቸው ላባ ሥጋውን ይሸፍነዋል። በእነዚህ ዘንድ ከመጠኑ ይልቅ ቅላቱን ማየት ይሻላል፤ ከሁሉም በላይ ግን ቀጥሎ የምንገልጸውን የላባ ምልክት መጠበቅ ይገባል።

፭. ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አራት ሳምንት፦ የላባው ምስክርነት

ከምልክቶች ሁሉ የበለጠ የሚታመነው በዚህ ዕድሜ ይመጣል። እርሱም የላባው ቅርጽ ነው። ወንዱ ለአቅመ እርባታ ሲቃረብ በሁለት ቦታ ላይ አዲስ ዓይነት ላባ ያወጣል፤ በአንገቱ ዙሪያና በጅራቱ መነሻ፣ በወገቡ ላይ። ይህ ላባ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫፉም እንደ ጦር የሾለ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። የሴቷ ላባ ግን በእነዚሁ ቦታዎች ላይ ሰፋ ያለ ነው፤ ጫፉም እንደ ማንኪያ አፍ የከበበ ነው።

ከሁለቱ ቦታዎች ይበልጥ ሊታይ የሚገባው ወገቡ ነው። የአንገት ላባ በሴቶችም ዘንድ ጠበብና ሾል ብሎ ሊታይ ይችላልና። በወገብ ላይ ወደ ጎንና ወደ ታች የሚንጠለጠል ሹል ላባ የታየበት ዶሮ ግን አውራ ነው። በአንዳንዱ ፈጣን ዝርያ ይህ ላባ በዘጠነኛውና በዐሥረኛው ሳምንት ብቅ ይላል። በሀገረሰቦቹ ዘንድ እስከ ዐሥራ አራተኛው ሳምንትና ከዚያም በኋላ ሊዘገይ ይችላል። ስለሆነም ሹል ላባ መታየቱ አውራ መሆኑን ያረጋግጣል፤ አለመታየቱ ግን ዕድሜው ካልደረሰ ቄብ መሆኗን አያረጋግጥም።

በዚሁ ጊዜ ገደማ ወንዱ መጮኽ ይለማመዳል። መጀመሪያ የሚሰማው የተቆረጠና የሻከረ ድምፅ ነው። ቀድሞ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ በመንጋው ውስጥ ኃይለኛ የሆነው ነው፤ የተሸነፉት አውራዎች ድምፃቸውን ደብቀው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ብቻ ስለጮኸ የቀሩት ሁሉ ቄብ ናቸው ማለት አይቻልም።

፮. ከአራት ወር በኋላ፦ የመጨረሻው ግራ መጋባት

ከአራት ወር በኋላ የአውራው ምልክት ይሟላል። ረጃጅምና ማጭድ መሰል የጅራት ላባ ያወጣል፤ በቅልጥሙ ውስጣዊ ጎን የመዋጊያው እሾህ ይበቅላል፤ ጩኸቱም ይጠራል።

በዚሁ ወቅት ግን ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ቄቧ እንቁላል ለመጣል ስትቃረብ የእርሷም የአናት ሥጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያድጋል፤ ይቀላልም። እስከዚያ ድረስ «ይህችስ ቄብ ናት» ሲባል የቆየው ቤተሰብ በድንገት የቀላውን አናት አይቶ «ለካስ አውራ ኖሯል» በማለት ወደ ገበያ ይወስዳታል። የመጀመሪያዋን እንቁላል ልትጥል ጥቂት ሳምንት የቀራትን ቄብ መሸጥ ማለት ወራት ሙሉ የተመገበችውን መኖ ከነፍሬው አሳልፎ መስጠት ነው።

ስለዚህ በዚህ ዕድሜ አናቱ የቀላ፣ ነገር ግን በወገቡ ላይ ሹል ላባ የሌለው ዶሮ ሲገኝ መሸጥ የለበትም። ይልቁንም ከጅራቱ በታች ያሉት ሁለት የዳሌ አጥንቶች በጣት ይለኩ። እንቁላል ለመጣል በተቃረበች ቄብ ዘንድ በአጥንቶቹ መካከል ሁለት ጣት ያህል ይገባል፤ በመጣል ላይ ባለች ዶሮ ደግሞ ሰፋ ይላል። ቄቧ ሰው ሲቀርባት ክንፏን ዘርግታ መሬት ላይ መንበርከክ፣ ጎጆ መፈለግና ማስካካት ከጀመረችም ጥርጣሬው አበቃ። የተሻሻሉት ዝርያዎች በጥሩ አያያዝ በአምስት ወር ገደማ መጣል ሲጀምሩ፣ የሀገረሰቦቹ ስድስትና ሰባት ወር ሊፈጅባቸው ይችላል።

የመዋጊያ እሾህም ቢሆን ብቻውን አይፈርድም። ያረጁ እናት ዶሮዎች አንዳንዴ እሾህ ያበቅላሉ፤ እንቁላል ማፍሪያቸው የታመመ ዶሮዎችም እንደ አውራ ሊጮኹ ይችላሉ። ይህ ግን በወጣት ቄቦች ዘንድ እምብዛም የማይገጥም ነው።

፯. ሊታመኑ የማይገባቸው መንገዶች

በብዙ ሀገሮች ለረጅም ዘመን ሲነገሩ የቆዩ፣ ነገር ግን የማይሠሩ መንገዶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በእንቁላሉ ቅርጽ መፍረድ ነው። እንቁላሉ ሾጣጣ ወይም ክብ መሆኑ የዶሮዋን አፈጣጠር እንጂ በውስጡ ያለውን ጫጩት ጾታ አያመለክትም። ለመታቀፍ እንቁላል ሲመረጥ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ያልተሰነጠቀና ንጹሕ መሆኑ ይታይ እንጂ በቅርጹ ወንድና ሴት አይፈለግ። ቀለበት ወይም መርፌ በክር አንጠልጥሎ ማወዛወዝም፣ ጫጩቱን በእግሩ ዘቅዝቆ መታገሉን ማየትም እንዲሁ ከመገመት አይሻሉም።

ሌሎች መንገዶች ደግሞ እውነተኛ ሆነው ሳለ ለቤት የማይሆኑ ናቸው። የጃፓን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያዳበሩት የአንድ ቀን ጫጩትን የኋላ ቀዳዳ ገልጦ መመርመር ረጅም ሥልጠና የሚሻ ሙያ ነው። ባልሠለጠነ እጅ ቢሞከር ጫጩቱን ይጎዳል። የክንፍ ላባን ርዝመት ማነጻጸርም የሚሠራው ሆነ ተብሎ ለዚሁ በተዳቀሉ ዝርያዎች ብቻ ነው።

፰. ምርመራው እንዴት ይካሄድ?

በሥራ የተፈተነና ማንም ቤተሰብ ሊፈጽመው የሚችል ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

ሀ) ዶሮዎቹ ማምሻውን ሲሰፍሩ ወይም ማለዳ ከመለቀቃቸው በፊት አንድ በአንድ ይያዙ። በቀን እያሯሯጡ መያዝ ዶሮውንም ሰውንም ያደክማል። የምርመራው ብርሃን በቂ ይሁን።

ለ) ክንፎቹን ከሰውነቱ ጋር አቅፎ በመያዝ መጀመሪያ አናቱን፣ ቀጥሎ የአንገቱን ላባ፣ ከዚያም የወገቡን ላባ፣ በመጨረሻም እግሩን መመልከት። የወገቡን ላባ በጣት ገልጦ ከሥር እየበቀለ ያለውን አዲሱን ላባ ማየት ይገባል፤ ሹሉ ላባ መጀመሪያ የሚገኘው ከአሮጌው ሥር ነውና።

ሐ) እንደ ማንኛውም ፍርድ ሁሉ በአንድ ምስክር ብቻ አለመፍረድ። ቢያንስ ሁለት ምልክት ሲስማሙ፣ ከሁለቱም አንዱ የወገብ ላባ ሲሆን፣ አውራ ነው ማለት ይቻላል።

መ) በእግሩ ላይ የጨርቅ ክር ማሰር። ለአውራ ቀይ፣ ለቄብ አረንጓዴ ይሁን፤ የተጠረጠረው ያለ ክር ይቆይ። እግሩ ስለሚወፍር ክሩ በየሁለት ሳምንቱ ይፈታና ላላ ብሎ ይታሰር፤ አለበለዚያ ሥጋውን ይቆርጣል።

ሠ) ምርመራውን በስምንተኛው፣ በዐሥራ ሁለተኛውና በዐሥራ ስድስተኛው ሳምንት መደጋገም። መጻፍ የሚችል የቤተሰብ አባል፣ ተማሪ ልጅም ቢሆን፣ ቁጥሩን በደብተር ይመዝግብ።

በ45 ቀን ጫጩት የሚረከቡ የቀበሌ ኮሚቴዎችም ከአቅራቢው ጋር ሲዋዋሉ የቄቡ ድርሻ ስንት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ዝርያው በቀለም የሚለይ ከሆነ የተለየ መንጋ መጠየቅ ይቻላል። የማይለይ ከሆነ ግን በርክክብ ዕለት ስለ ጾታ መከራከር ፍሬ የለውም፤ ይልቁንም ክትትሉ በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት እንዲደረግ ቀን መቁረጥ ይሻላል።

፱. ከተለዩ በኋላስ?

እንቁላል ለመብል ወይም ለሽያጭ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ አውራ አያስፈልግም፤ ዶሮ ያለ አውራም ትጥላለች። ጫጩት ማስፈልፈል ከተፈለገ ለስምንት ወይም ለዐሥር እናት ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል። ያም አውራ ከዚያው ዕቁፍ የወጣ ወንድማቸው ባይሆን ይመረጣል፤ የሥጋ ዘመዳሞች እርስ በርስ ሲራቡ ጫጩቶቹ ይደክማሉ። ከሌላ መንደር ጋር አውራ መለዋወጥ ለዚህ መፍትሔ ይሆናል። ነገር ግን ፈንግል ከቤት ወደ ቤት ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ አዲስ ዶሮ ስለሆነ፣ የመጣው ዶሮ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ተለይቶ ይቆይ፤ ነባሮቹም በወቅቱ ይከተቡ። ለገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰ አውራም በዚሁ ሥርዓት ይያዝ።

የቀሩት አውራዎች የሽያጭ ጊዜ ከጾሙ ጋር ይታሰብ። የዶሮና የእንቁላል ፍላጎት በጾም ወራት ይቀንሳል፤ በበዓላት ዋዜማ ይጨምራል። ለቅበላ ገበያ የደረሰ አውራ ያለው ሰው በዚያን ጊዜ ካልሸጠ እስከ ፋሲካ 55 ቀን ይጠብቃል። አውራው በቀን 80 ግራም መኖ ቢበላ በ55 ቀን 4 ኪሎ ከ400 ግራም ይሆናል። ገና በማደግ ላይ ያለ አውራ ከሆነ ይህ መኖ ወደ ሥጋ ስለሚለወጥ መጠበቁ ሊያዋጣ ይችላል። ዕድገቱን የጨረሰ ከሆነ ግን በቅበላ መሸጡ ይሻላል። ለፋሲካ ማድረስ የሚፈልጉ ደግሞ ጫጩቶቹ በኅዳር እንዲፈለፈሉ ቢያደርጉ በዓሉ ሲደርስ አውራዎቹ አምስት ወር ገደማ ይሞላቸዋል፤ ልየታውም ሳይቸኩሉ በጥርና በየካቲት ይጠናቀቃል።

ቄቦቹ እስከሚጥሉ ድረስ ከአውራዎቹ ተለይተው መኖ እንዲያገኙ ማድረግም ይጠቅማል። ወጣት አውራዎች በመኖ ገበታ ላይ ቄቦችን ስለሚያባርሩ፣ ቄቦቹ ይከሳሉ፤ መጣላቸውም ይዘገያል። አውራዎችን በጊዜ መለየት የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

፲. ማጠቃለያ

ቄብን ከአውራ መለየት የተለየ መሣሪያ አይጠይቅም። ዓይን፣ ጣት፣ ጥቂት ክርና ትዕግሥት ይበቃሉ። የአናት ቅላት ጥርጣሬን ያስነሣል፤ የወገብ ላባ ይመሰክራል፤ የዳሌ አጥንት ደግሞ ቄቧን ከስሕተት ያድናታል። ይህ እውቀት በተለይ በእናቶች ዘንድ እንዲሠርጽ የልማት ሠራተኞች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የቁጠባ ማኅበራት መሪዎች በየስብሰባው በተግባር እያሳዩ እንዲያስተምሩት እናሳስባለን። አንድ አውራና አንዲት ቄብ ጎን ለጎን ይዞ የወገባቸውን ላባ ማሳየት ከረጅም ንግግር ይልቅ ያስተምራል።

ለማኅበራት ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን ባለፈው ዓመት አውራ ነው ተብላ የተሸጠች ቄብ ነበረችን? የትኛው ምልክት አሳሳተን?
2. የአባላት ዶሮዎች የአናታቸው ሥጋ ምን ዓይነት ነው? በመጠኑ መፍረድ ይቻላልን?
3. በአሁኑ ጊዜ ያሉን ጫጩቶች ዐሥራ ሁለት ሳምንት የሚሞላቸው መቼ ነው? በዚያ ቀን ምርመራውን ማን ይመራል?
4. ከሚቀጥለው ጾም በፊት የሚሸጡት የትኞቹ አውራዎች ናቸው? የተጠራጠርናቸውን ለማቆየት ምን ያህል መኖ ያስፈልገናል?